ቆጥ ላይ የወጣው ሞተር

ወሬ እንደማበዛ አውቃለሁ፤ ሚስቴም ይህን ሳትነግረኝ የዋለችበት ቀን የለም። ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡታጅራ መጥታችሁ «ሚስኮል የሚባለው መካኒክ የት ነው?» ብትሉ ኖሮ፣ ባጃጅ ነጂው ቀጥታ እኔ በር ላይ ነበር የሚያወርዳችሁ። እናቴ ያወጣችልኝን ጌታነህ የሚለውን ስም የሚያውቅ አልነበረም። ሚስኮል ያሉኝ ስልክ አንዴ ጠርቶ እንደሚዘጋው፣ እኔም አንዲት ቃል ተንፍሼ ስለምዘጋ ነው። ደንበኛ «ሞተሩ ምን ሆነ?» ሲለኝ «ካንዴላ» እላለሁ። «መቼ ልምጣ?» ሲለኝ «ነገ» እላለሁ። «እንዴት አደርክ?» ሲለኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ በቃ።

ደግሞ እኮራበት ነበር። ብዙ የሚያወራ መካኒክ እጁ የማይሠራ ነው ብዬ አምን ነበር። አባቴ ደብረ ብርሃን ሳለን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያለ ነው ያሳደገኝ፤ እኔም ምክሩን ከልክ በላይ ወሰድኩት። ቡታጅራ ዘጠኝ ዓመት ስኖር የመስቃን ገበሬ ሞተር በሙሉ በእጄ አልፏል፤ የአንዱንም ገበሬ ቤት ደጃፍ ግን ረግጬ አላውቅም። «ና ቤት ግባ» ሲሉኝ «ሥራ» እላለሁ።

ሥራዬ ትንንሽ የቤንዚን ሞተር መጠገን ነው። ጀነሬተር አለ፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን የውሃ ፓምፕ ነው። በበጋ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም በርበሬውም የሚጠጣው በእነዚህ ፓምፖች ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ፓምፕ ሥራ ይፈታል፤ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይቀመጣል። ቤንዚን ሆዱ ውስጥ እንዳለ የከረመ ሞተር ደግሞ ቤንዚኑ ካርቡራቶሩ ውስጥ ይረጋበትና እንደ ሙጫ ይይዘዋል፤ በበጋ ገመዱን ብትስቡ ብትስቡ አይነሳም። ስለዚህ ክረምት ሲመጣ ለሁሉም የምሰጠው አንድ ትእዛዝ ነበረኝ። ያቺ ትእዛዝ ናት ጉድ የሠራችኝ።

አረፋ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው እማማ ሩቂያ ፓምፓቸውን በጋሪ አስጭነው መጡ። እማማ ሩቂያ በእንሴኖ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ መንደር የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ እጃቸው ከእኔ እጅ የጠነከረ ሴትዮ ናቸው። ፓምፗን በሬ ሸጠው ነው የገዟት። እንደ በሬም ነው የሚያዩዋት፤ ሲያወርዷት ጀርባዋን መታ መታ አድርገው ነው።

ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ ካንዴላ ቀየርኩ። ለሙከራ ሰርባቶዮዋን ሞላሁና አስነሳኋት። ሰርባቶዮ የምንለው የቤንዚን መያዣውን ነው። ሞተሯ ጥሩ ድምፅ ሰጠች፤ አጠፋኋት።

«እንግዲህ ክረምቱ መጣ» አሉ እማማ ሩቂያ። «እንዴት አድርጌ ላስቀምጣት?»

«አድርቀው ያስቀምጡት።»

«የት?»

«ከፍ ያለ ቦታ። ደረቅ።»

«አንድ ጀሪካን ቤንዚን ተርፎኛል። እሱስ?»

«ቀዝቃዛ ቦታ። ጨለማ።»

«ሌላስ?»

«በቃ።»

እማማ ሩቂያ በጣታቸው ቆጠሩት። «ሞተሩን አድርቄ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ። ቤንዚኑን ቀዝቃዛ ጨለማ ቦታ። ልክ ነኝ?» አንገቴን ነቀነቅሁ። አንድም ነገር አልሳቱም። አስተማሪ ብሆን መቶ ከመቶ ነበር የምሰጣቸው።

አሁን እናንተ ፍረዱ። በእኛ በመካኒኮች አፍ ሞተር ማድረቅ ማለት ቤንዚኑን ጠብታ ሳያስቀሩ ማውጣት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

የአረፋ ዋዜማ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ጀነሬተር ዘርግፌ ተቀምጬ ሳለ ነስሩ ጋሪውን ደጄ ላይ አቆመ። ነስሩ ያን ቀን እማማ ሩቂያን ከነፓምፓቸው ያመጣው ባለጋሪ ነው። ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ሰማይ ቢወድቅ የማይቸኩል ጎልማሳ ነው።

«እማማ ሩቂያ ሰላም ብላሃለች» አለኝ።

አንገቴን ነቀነቅሁ።

«አላህ ይስጠው ብላለች። እንዳልካት አድርጋለች።»

ነቀነቅሁ።

«ሞተሩን ቆጥ ላይ አውጥተነዋል። የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም።»

እዚህ ላይ አልነቀነቅሁም። «ቆጥ?»

«ቆጥ ነዋ። ከምድጃው በላይ ያለው። በርበሬው የሚሰጣበት፣ የበቆሎ ዘሩ የሚሰቀልበት።»

«ለምን?»

«እንዲደርቅ ነዋ። አንተ አይደለህ አድርቀሽ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ያልካት? በዚህ አገር ከቆጥ የበለጠ ከፍ ያለና ደረቅ ቦታ ካለ አሳየኝ።»

መፍቻው ከእጄ ወደቀ። «ቤንዚኑስ? ሆዱ ውስጥ ያለው?»

«እሱማ አለ። ስሸከመው ይንቦጫቦጭ ነበር።» ነስሩ ጢሙን ዳበሰ። «እስካሁን ብዙም አልደረቀ። ሰሞኑን የምታበስለው ደጅ ነው። ዛሬ ግን ልጆቿ ከአዲስ አበባ ይገባሉ፤ ዝናብ ከመጣ እሳቱ ቤት ውስጥ ይነዳል፣ ያን ጊዜ በአንድ ሌሊት ድርቅ ይላል ብላለች።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። የዘቢዳር ተራራ ጫፉ የለም። ደመናው ውጦታል።

ፈራሁ። ሳላሳምር ነው የምነግራችሁ። የሳር ጎጆ፣ ከላዩ ሙሉ ሰርባቶዮ ቤንዚን፣ ከሥሩ የአረፋ እሳት፣ ዙሪያውን ልጅና የልጅ ልጅ። ይህን ሁሉ የደገስኩት እኔ ነኝ፤ በጣት በሚቆጠር ቃል። ወደ እማማ ሩቂያ ስልክ ደወልኩ፤ ተዘግቷል። የነስሩም ስልክ ባትሪው በሬዲዮ ካለቀ ቆይቷል።

«ና ጋሪው ላይ ውጣ» አለኝ ነስሩ።

«ቀርፋፋ» ብዬው ባጃጅ ፍለጋ ሮጥኩ።

የአረፋ ዋዜማ ባጃጅ ማግኘት እንዲህ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ያለ የመስቃን ልጅ ሁሉ ፍራሽና ሻንጣ ጭኖ የሚገባበት ቀን ነው። ሦስት ባጃጅ አለፈኝ። አራተኛው ፊት ቆምኩበት። ሾፌሩ መድረሻዬን ሲጠይቀኝ «ቶሎ» አልኩት። «ቶሎ የሚባል ሰፈር አላውቅም» አለኝ። እንሴኖ መንገድ መሆኑን እስክነግረው አንድ ደቂቃ ጠፋ።

ነዳው፤ እውነቱን ለመናገር እንደ ጀግና ነዳው። ከከተማው ወጥተን ግማሽ መንገድ ስንደርስ ግን ባጃጇ ሁለት ጊዜ አሳለችና ቆመች።

«ምን ሆነች?» አልኩት፣ መካኒኩ እኔ መሆኔን ረስቼ።

«ቤንዚን የለማ። ጧት ሰልፍ ብቆምም ሳይደርሰኝ አለቀ። ያለችው ታደርሰናለች ብዬ ነበር።»

አያችሁልኝ? ቤንዚን በጠፋበት ቀን፣ ቤንዚን የሞላው ቤት እንዳይቃጠል ስሮጥ፣ ቤንዚን አጥቼ መንገድ ላይ ቀረሁ። ሱሪዬን ጠቅልዬ መሮጥ ጀመርኩ። ሆዴ ትልቅ ነው፤ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አልሄድኩም። ከኋላዬ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ።

«ቀርፋፋው መጣ» አለ ነስሩ፤ ፈረሱን ቀስ አደረገልኝ። ወጣሁ። ሌላ ነገር አላለኝም፤ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። እኔ «ንዳው፣ ንዳው» እላለሁ፤ ነስሩ «የሰው ፈረስ አይደለም፣ የራሴ ነው» ይላል። መንደሩ መግቢያ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ከጥላቸው ሥር ቆመው ጋሪውን አስቆሙት።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ» አለ ነስሩ፤ ልጓሙንም ለቀቀው። ከዚያ ሰላምታ ተጀመረ። ልጆቹስ? አልሐምዱሊላህ። ከብቱስ? አልሐምዱሊላህ። ከአዲስ አበባ ማን ገባ? ያ ገባ፣ ይህ አልገባም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «እንግዳው ማነው?» ሲሉ እኔ ዘልዬ ወርጄ በእንሰቱ መሃል እየሮጥኩ ነበር።

የእማማ ሩቂያ ግቢ ስደርስ ዝናቡ ለይቶለት ወረደ። ደጅ፣ ከቤቱ ትይዩ፣ የማብሰያው እሳት እየተንሿሿ ሊጠፋ ነው። እማማ ሩቂያ በሩ አጠገብ ቆመው እንጨት ወደ ቤት ያስገባሉ። ምራታቸው ከድጃ ከእሳቱ ዳር ጎንበስ ብላለች። ትንፋሽ አጥሮኛል። ያለኝን ኃይል አሰባስቤ የማውቀውን አንዲት ቃል ጮህኩ።

«እሳት!»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እማማ ሩቂያ አወቁኝና ፊታቸው በራ።

«እሳት!» አልኩ ደግሜ።

«ውይ፣ ብርዱ መታው» አሉ እማማ ሩቂያ። «ከድጃ፣ ለእንግዳው እሳት ቶሎ አስገቢለት።»

በአገሩ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫራል፤ ዝናብ የመታው ሰው ደግሞ እሳት ቢለምን ነውር የለውም። ከድጃ ፍሙን በገል ሞልታ፣ በሌላ ገል ከዝናብ ከልላ፣ ወደ ቤቱ ገሰገሰች። ለእኔ ብላ ነው እኮ። ሱቄ ውስጥ አንዲት ቃል ተናግሬ ቤቱ ሊቃጠል ደረሰ፤ አሁን ደግሞ ሌላ አንዲት ቃል ተናግሬ ክብሪቱን ራሴ አቀበልኩ ማለት ነው።

ቀድሜያት በሩ ላይ ደረስኩና ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ከጀርባዬ ከቤቱ ውስጥ የቤንዚን ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን መታኝ። ከድጃ ፊቴ ላይ ፍሙን ይዛ ቆማለች። እኔ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ።

«ከድጃ እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ፍሙን ይዘሽ ወደ ኋላ ተመለሽ፤ ቆጡ ላይ ያለው ሞተር ሆዱ ቤንዚን ሞልቷል፣ ቤንዚን ደግሞ በውሃ እንደራሰ ነገር አይደርቅም፣ ትንፋሹ ቤቱን ሞልቶታል፣ ያ ትንፋሽ ፍም ካገኘ እኔም አንቺም እማማም ቤቱም የለንም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማድረቅ ያልኩት ቤንዚኑን አውጡ ለማለት ነው፤ እሳት ያልኩትም እሳት አታምጡ ለማለት ነው።»

ከድጃ ፍሙን ጭቃ ላይ ገለበጠችው። እማማ ሩቂያ በሩን ተደገፉ።

«ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው። «ሲሸተኝ እየደረቀ ነው ብዬ ነበር። በርበሬም ሲደርቅ ያስነጥሳል።»

ነስሩ ደረሰ፤ ሁሉንም ከቤት አራቅን፤ በሩን ወለል አድርገን ከፍተን ሽታው እስኪቀንስ በዝናብ ቆምን። ከዚያ እኔና ነስሩ ገባን። እሱ ቆጡ ላይ ወጣ፤ እኔ ከታች ተቀበልኩ። ሞተሯን ሳናዘነብል፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈን፣ ከቤቱ ርቆ ያለ ባዶ ዳስ ውስጥ አወረድናት። ክዳኗ ላልቶ ዙሪያው ርሷል። ቤንዚኑን በብረት ቆርቆሮ አወጣሁ። ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ቡሎን ፈትቼ የቀረችውን ጠብታም አንጠፈጠፍኩ። ሞተሯ አሁን ደረቀች፤ በእኔ ቋንቋ።

ሁላችንም ተነፈስን። እማማ ሩቂያ እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ፤ በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ዕቃ፣ መሃል ላይ የቆመውን ምሰሶ፣ ባዶውን ቆጥ አየሁ። ቀደም ብዬ አንዴ እዚህ ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ የቱ እንደሆነ አውቅ ነበር። አፈርኩ።

«አሁን ትበላለህ» አሉኝ። «ለአረፋ ብዬ ያቆየሁት ቆጮ አለ። ከድጃ፣ ጉድጓዱን ክፈቺና አምጪለት።»

ከድጃ ወጣች። ቆየች። ስትመለስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛለች።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «የተረፈው ጀሪካን ቤንዚንስ የት ነው?»

እማማ ሩቂያ ቀና ብለው በኩራት አዩኝ። «ቀዝቃዛ ጨለማ ቦታ አይደል ያልከኝ? ከቆጮ ጉድጓድ የበለጠ ቀዝቃዛና ጨለማ አለ? ጓሮ ሄጄ ራሴ ነኝ የቀበርኩት፤ በኮባ ሸፍኜ።»

ጀሪካኑ እስከ አፉ ሞልቶ በላስቲክ የተወተፈ ነበር። ቤንዚን ይተነፍሳል፣ ሲሞቅ ያብጣል፤ ልባሽ ላስቲክ አይችለውም። ሁለት ዓመት የቆየ ቆጮ፣ ለእንግዳ የተቀመጠ፣ ማደያ ማደያ ይሸታል። ሊበላ የሚችል አልነበረም፤ ከብት እንዳይቀምሰው ርቆ ተቀበረ። እማማ ሩቂያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አየኋቸው። ቤታቸው ሊቃጠል ነበር ሲባሉ ያላለቀሱ ሴትዮ ለቆጮው አለቀሱ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

«እክሳለሁ፣ እማማ። የፈለጉትን ይበሉኝ።»

እንባቸውን ጠረጉ። «ቆጮውን ጎረቤት ይሰጠኛል። ያንተ ካሳ ሌላ ነው። ነገ አረፋ ነው፤ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ትመጣለህ። ቆመህ፣ እበሩ ላይ ለከድጃ እንደተናገርከው፣ ሞተርና ቤንዚን እንዴት እንደሚከርም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትናገራለህ። አንድ ቃል ከቆጠብክ አልምርህም።»

ከዚያ ሁሉ ፍም በላይ ያስፈራኝ ይህ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በነጋታው ከሥጋው በኋላ አስነሱኝ። ግቢው ሙሉ ሰው ነው፤ ነስሩ ከፊት ጉብ ብሎ ይስቃል። ጀመርኩ። ሞተር ከማስቀመጣችሁ በፊት፣ ደጅ ላይ፣ እሳትም ሲጋራም በሌለበት፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ቤንዚኑን አውጡት። የቀረችዋን አስነስታችሁ እስኪጠፋ ድረስ ያቃጥላት። ካንዴላውን ፈትታችሁ ቀዳዳው ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሁለቴ ሳቡና መልሳችሁ እሰሩት። ሰው ከማይተኛበት፣ እሳት ከማይነድበት፣ ዝናብ ከማይገባበት ቤት በጣውላ ላይ አኑሩት። ቤንዚኑን ለቤንዚን በተሠራ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ያዙት፤ እስከ አፉ አትሙሉት፤ ከመኖሪያ ቤት፣ ከምግብና ከልጅ እጅ አርቃችሁ፣ ጥላ ሥር፣ ቆልፉበት። እሱንም ለዓመት አታቆዩት፤ ቤንዚን ይበላሻል። ቆጥ ላይ ግን ሞተር አይወጣም። ቆጮና ቤንዚን ጎረቤት አይሆኑም።

ስንት ደቂቃ እንዳወራሁ አላውቅም። የማስታውሰው «ቆጥ ላይ» ስል የሆነውን ነው። በመጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰውዬ ጎርሶ ሳይጨርስ ተነሳ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች ተያይተው ተነሱ። ትናንት በጥላ ሥር ሰላም ያሉን ሐጂም ጥላቸውን አንስተው፣ ቀስ ብለው ሊሄዱ ሞከሩና በሩ ጋ ሲደርሱ ሩጫ ጀመሩ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩት ነስሩን።

«ሁሉም የአንተ ደንበኛ ናቸዋ» አለኝ። «የስንቱን ሞተር ቆጥ ላይ ያወጣሁ ይመስልሃል? ወገቤ እኮ በአንድ ሞተር አይደለም የተሰበረ።»

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። አንድ ቤት ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ለካስ መንደሩን ሁሉ ነው በአራት ቃል ለእሳት ያሰናዳሁት። ደግነቱ ሁሉም ደርሰው አወረዱ፤ የነደደ ቤት የለም። የሳቀ ሰው ነበር፤ እኔ ግን አለቀስኩ። እማማ ሩቂያ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ቤንዚን ብዙ ከተቀመጠ ይበላሻል አላልክም?» አሉኝ። «ቃልም እንደዚያው ነው፣ ልጄ። አታስቀምጠው።»

ወዳጆቼ፣ እናንተም ምናልባት ሐኪም ናችሁ፣ ወይ ፋርማሲስት፣ ወይ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። አንድ ቃል ጣል አድርጋችሁ ሰው «እሺ» ሲላችሁ ገባው ብላችሁ አትመኑ። እማማ ሩቂያ «ልክ ነኝ?» ብለው በጣታቸው ቆጥረውልኝ ነበር፤ ልክም ነበሩ። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚገባበት ቤት ግን ለየቅል ነው። ሰውዬው ቤት ገብታችሁ ቆጡ የት እንዳለ ካላያችሁ፣ ምን እንዳዘዛችሁት አታውቁም።

አሁን ሱቄ የመጣ ደንበኛ ሞተሩ ከተሠራለት በኋላ ምክሬን ሳልጨርስ አይሄድም። ስሜም ሚስኮል መሆኑ ቀረ፤ «ኹጥባ» ይሉኛል፣ የመስጊድ ስብከት ማለት ነው፤ ክርስቲያን መሆኔን እያወቁ።

ሚስኮልነቱን የወሰዱት እማማ ሩቂያ ናቸው። በየዓመቱ አረፋ ሲደርስ ስልኬ አንዴ ብቻ ጠርታ ትዘጋለች። መልሼ ደውዬ ግማሽ ሰዓት አወራለሁ። ሳልደውልም ግን የሚስኮሏን ትርጉም አውቃለሁ፤ ይህ ነው፦ ና፣ ቆጮው ዘንድሮ ቤንዚን አይሸትም።